ሸክላ ሠሪውና መምህሩ ማይክል ካርዲው፤ ከአፈር የተገኘ የንግድ ትምህርት

በናይጄሪያ የ20 ናይራ የገንዘብ ኖት በአንደኛው ገጽ የጄኔራል ሙርታላ ሙሐመድ መልክ ታትሞበታል። ኖቱ በተገለበጠ ጊዜ የሚታየው ግን በሥራ ላይ ያለች የአንዲት ሸክላ ሠሪ ሥዕል ነው። መንግሥታት በገንዘባቸው ላይ የሚያትሙት አብዛኛውን ጊዜ የነገሥታትን፣ የጦር አዛዦችንና የአገር መሪዎችን መልክ መሆኑን ገንዘብ በእጁ የሚገባና የሚወጣ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ዕድሜዋን በጭቃ ሥራ ያሳለፈች የገጠር ሴት ለዚህ ክብር እንዴት በቃች? ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከሁለት ሰዎች ሕይወት የተገመደ ነው። አንደኛዋ ራሳቸው ወይዘሮ ላዲ ክዋሊ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ሸክላ ሠሪና የሸክላ ሥራ መምህር የነበሩት እንግሊዛዊው ሚስተር ማይክል ካርዲው ናቸው።

የሚስተር ካርዲው ታሪክ ስለ ኪነ ጥበብ በሚጽፉ ሰዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ግን ከገበያ ወገን የታየው ነው። ምክንያቱም እኒህ ሰው ስልሳ ዓመት ያህል ሲታገሉት የኖሩት ጥያቄ የነጋዴ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም በእጅ የተሠራ ዕቃ ከፋብሪካ ዕቃ ጋር በአንድ ገበያ ተሰልፎ ሠሪውን ሊያኖር ይችላልን? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከኦክስፎርድ ወደ ሸክላ ቤት

ሚስተር ካርዲው በ1901 ዓ.ም. በሎንዶን አጠገብ በዊምብልደን ተወለዱ። አባታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆኑ የገጠር ሸክላ መሰብሰብ ይወዱ ነበር። ቤተ ሰቡ ለዕረፍት ወደ ሰሜን ዴቨን በሚሄድበት ጊዜ ኤድዊን ቢር ፊሽሊ ከሚባሉ ሽማግሌ ሸክላ ሠሪ ዕቃ ይገዛ ስለ ነበረ፣ ልጁ ያደገው በእነዚሁ ማሰሮዎችና ማንቆርቆሪያዎች መካከል ነው። በኋላም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንቱን የግሪክና የላቲን ትምህርት ሲከታተሉ ሳለ፣ የእኒሁ ሽማግሌ የልጅ ልጅ ከሆኑት ከዊልያም ፊሽሊ ሆላንድ ዘንድ እየሄዱ በመንኰራኵር ላይ ሸክላ ማውጣትን ተማሩ።

በ1923 ዓ.ም. ትምህርታቸውን እንደ ፈጸሙ፣ ከእርሳቸው ጋር የተማሩት ጓደኞቻቸው ወደ ጽሕፈት ቤትና ወደ ሹመት ሲያመሩ፣ እርሳቸው በኮርንዎል ወረዳ በሴንት አይቭስ ወደሚገኘው ወደ ሚስተር በርናርድ ሊች የሸክላ ሥራ ቤት ገቡ። ሚስተር ሊች ሙያውን በጃፓን አገር ተምረው በ1920 ዓ.ም. ከጃፓናዊው ሸክላ ሠሪ ከሾጂ ሐማዳ ጋር ይህን ቤት ያቋቋሙ ሰው ናቸው። በታላላቆቹ የሸክላ ፋብሪካዎች አንዱ ሠራተኛ ቅርጹን ያወጣል፤ ሌላው እጀታውን ይለጥፋል፤ ሌላው ይቀባል፤ ሌላው ያቃጥላል። በሊች ቤት ግን ሠሪው አፈሩን ከመምረጥ አንሥቶ እስከ እቶኑ እሳት ድረስ ሥራውን ሁሉ ያውቅና ይመራ ነበር። የስቱዲዮ ሸክላ የሚባለው አሠራር ይህ ነው። ሚስተር ካርዲው በዚያ ሦስት ዓመት ያህል በተለማማጅነት ቆዩ።

በ1926 ዓ.ም. በግሎስተርሺር ወረዳ በዊንችኮምብ አጠገብ ተዘግቶ የነበረ አንድ አሮጌ የሸክላ ቤት ተከራዩ። ቀድሞ በዚያ ስፍራ ይሠሩ የነበሩትንና ቤቱ ከተዘጋ በኋላ በእርሻ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩትን ሽማግሌ ኤላይጃ ኮምፎርትን ፈልገው ወደ ሙያቸው መለሷቸው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሲድኒ ተስቲን የሚባል ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ቀጠሩ። እንግዲህ ሥራው የተጀመረው በአንድ የኦክስፎርድ ምሩቅ፣ በአንድ ሽማግሌና በአንድ ልጅ ነው ማለት ነው።

ዋጋ የተተመነለትና ዕቃውን የገዛው ሰው

የሚስተር ካርዲው ዓላማ ግልጽ ነበር። በመስተዋት ሣጥን ተቀምጦ የሚታይ ጌጥ ሳይሆን፣ በየወጥ ቤቱ የሚውል ሳህን፣ ማሰሮ፣ ማንቆርቆሪያና የፖም መጠጥ ማስቀመጫ እንስራ ሠርተው ማንም ሊገዛው በሚችል ርካሽ ዋጋ ለመሸጥ አሰቡ። ነገር ግን ገበያ የራሱ ሐሳብ አለው። የአካባቢው ገበሬ በዚያ ዘመን ከፋብሪካ የሚወጣውን ስስ ነጭ ሳህን ወይም ነጭ ቅብ የተቀባውን የብረት ዕቃ መግዛት ለምዷል። የአያቶቹን ዓይነት ቡናማና ቢጫ ሸክላ ይፈልጋል ተብሎ ሲጠበቅ እርሱ ፊቱን አዙሮ ነበር። ሸክላውን ፈልገው የመጡት ከከተማ የወጡ፣ የተማሩና የእጅ ሥራን የሚያደንቁ ሰዎች ሆኑ። ዋጋው ዝቅ የተደረገው ለገበሬው ታስቦ ሲሆን፣ በርካሽነቱ የተጠቀሙት ግን ከዚያ በላይ ለመክፈል የሚችሉት ናቸው።

ነጋዴ ይህን ሲሰማ ስሕተቱ የት እንደ ሆነ ወዲያው ይገባዋል። ዋጋ የሚተመነው ለማን እንደሚሸጥ ከታወቀ በኋላ ነው። ሆኖም በሸክላ ሥራ ላይ ከዚህ የሚብስ ሌላ ችግር አለ። አናጢ አንድ ወንበር ቢበላሽበት የሚከስረው ያንኑ አንዱን ወንበር ነው። ሸክላ ሠሪ ግን የብዙ ሳምንት ድካሙን በአንድ ጊዜ እቶን ውስጥ ከትቶ እሳት ይለቅበታል። እሳቱ ቢበረታ ቅቡ ፈስሶ ዕቃው እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ቢደክም ሳይበስል ይቀራል፤ ቶሎ ቢቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከእቶን በደኅና የወጣው አንድ ማንቆርቆሪያ ዋጋው የራሱን ጭቃና የራሱን ማገዶ ብቻ ሳይሆን፣ ከጎኑ ተሰብሮ የወጣውን ባልንጀራውንም ወጪ መሸከም አለበት። ይህን ወጪ በዋጋው ውስጥ ያላስገባ ሠሪ እየሸጠ ይደኸያል።

ሚስተር ካርዲው በዊንችኮምብ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሠሩ ስማቸው ገነነ፤ ኪሳቸው ግን አልደለበም። በ1933 ዓ.ም. አግብተው ሦስት ወንዶች ልጆች ወለዱ። በ1939 ዓ.ም. የዊንችኮምብን ቤት በ1936 ዓ.ም. ለገቡት ለሬይ ፊንች አደራ ሰጥተው፣ በኮርንዎል ዌንፎርድ ብሪጅ በሚባል ስፍራ አዲስ ሥራ ጀመሩ። ወዲያውም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ አርባ ዓመት ያለፋቸው የሦስት ልጆች አባት፣ የወር ደመወዝ ያለበትን ሥራ ለመቀበል ተገደዱ። ሥራውም በምዕራብ አፍሪካ ነበር።

በጎልድ ኮስት የደረሰ ኪሣራ

በ1942 ዓ.ም. ሚስተር ካርዲው የዛሬዋ ጋና በነበረችው በጎልድ ኮስት፣ በአክራ አጠገብ በሚገኘው በአቺሞታ ኮሌጅ የሸክላ ሥራ መምህር ሆነው ተቀጠሩ። በእርሳቸው ስፍራ አስቀድሞ የነበሩት የሊች ቤት ሰው የሆኑት ሃሪ ዴቪስ ናቸው። በዚያን ጊዜ በጦርነቱ ምክንያት መርከብ ጠፍቶ ስለ ነበረ፣ ከውጭ ይገባ የነበረው የሸክላ ዕቃና የጣራ ክዳን ጡብ ተቋርጧል። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደርም የጐደለውን በአገር ውስጥ ለመተካት አሰበ። ከዚህ የተነሣ በአላጆ ታላቅ የሸክላና የጡብ ፋብሪካ እንዲቋቋም ተወሰነ፤ መሪውም ሚስተር ካርዲው ሆኑ።

ሐሳቡ መልካም ይመስል ነበር። ዕቃ የለም፤ ፈላጊ ሞልቷል፤ አፈርና ማገዶ በአገሩ ይገኛል፤ ገንዘቡን መንግሥት ያወጣል። ነገር ግን ሥራው የተጀመረው ከላይ ወደ ታች ነበር። አፈሩ በሚገባ ሳይመረመር፣ የእቶኑ ጡብ ብርቱ እሳት መቋቋሙ ሳይፈተን፣ ሠራተኞቹም በትንሹ ሳይለማመዱ በብዛት የማምረት ትእዛዝ መጣ። እቶን ፈረሰ፤ የተሠራውም እየተበላሸ ወጣ። በ1945 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያልቅ ፋብሪካው ተዘጋ። አስመጪዎች እንደሚያውቁት፣ መርከብ በጠፋ ጊዜ ብቻ ተፈላጊ የሚሆን ምርት፣ መርከቡ በተመለሰ ማግሥት በጥራትና በዋጋ መወዳደር ካልቻለ ዕድሜ አይኖረውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ሚስተር ካርዲው ግን ጥፋቱ የአፍሪካ አፈር ወይም የአፍሪካውያን እጅ አለመሆኑን ለማሳየት ፈልገው፣ በራሳቸው ገንዘብ በቮልታ ወንዝ ዳር ቩሜ ዱጋሜ በሚባል መንደር አነስተኛ የሥራ ቤት አቋቋሙ። ቩሜ ከጥንት ጀምሮ ሴቶች ሸክላ የሚሠሩበት አገር ነው። በዚያ ሦስት ዓመት ያህል ሲደክሙ የተበላሸው ከደኅናው ይበልጥ ነበር፤ በመጨረሻም በ1948 ዓ.ም. ጤናቸው ታውኮ ወደ እንግሊዝ አገር ተመለሱ። በሒሳብ መዝገብ ቢገባ ቩሜ ሁለተኛው ኪሣራ ነው። ሆኖም ከዚያ እሳት የተረፉት ጥቂት ጠቆር ያሉ ማሰሮዎች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ከሚፈለጉት ሥራዎቻቸው መካከል ይቈጠራሉ። ከዚህም የሚበልጠው፣ የአገሩን አፈር፣ ድንጋይና ዐመድ እየፈጩና እያቃጠሉ የተማሩት ትምህርት ነው።

አቡጃ

በ1951 ዓ.ም. የናይጄሪያ አስተዳደር ሚስተር ካርዲውን በንግድና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሸክላ ሥራ ሹም አድርጎ ቀጠራቸው። ሥራው ከትምህርት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከንግድ መሥሪያ ቤት የተሰጠ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። በዚህ ጊዜ ሚስተር ካርዲው ፋብሪካ ለመሥራት አልቸኰሉም። አስቀድመው በአገሩ እየተዘዋወሩ የየመንደሩን ሸክላ ሠሪዎች ሥራ ተመለከቱ፤ አፈሩንም መረመሩ። ከዚያ በኋላ በሰሜኑ ክፍል አቡጃ በምትባል ትንሽ ከተማ የሸክላ ሥራ ማሠልጠኛ አቋቋሙ። የዛሬው የናይጄሪያ ዋና ከተማ ስሙን የወረሰው ከዚችው ከተማ ነው፤ እርሷ ራሷ ዛሬ ሱሌጃ ትባላለች።

የማሠልጠኛው አሠራር ለነጋዴ የሚገባ ነው። በየመንደሩ ሴቶቹ የሚሠሩት ሸክላ በጭራሮና በሣር እሳት በሜዳ የሚበስል ነው። እንዲህ ያለው ሸክላ ማገዶ አይፈጅም፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ እሳት ላይ ቢጣድ አይሰነጠቅም፤ ውኃ ቢሞላበት ደግሞ በጥቂቱ እያዛ ውኃውን ያቀዘቅዛል። ሚስተር ካርዲው ያስተማሩት ሌላ ዓይነት ነው። በተገነባ እቶን ውስጥ ከ1,250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚደርስ ሙቀት የበሰለ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ከዐመድና ከተፈጨ ድንጋይ በተሠራ መስተዋት መሰል ቅብ የተሸፈነ ሸክላ ነው። ይህ ውኃ አያዛም፤ ስለዚህ ውኃ አያቀዘቅዝም። በእሳት ላይም አይጣድም።

እንግዲህ የአቡጃ ሸክላ የመንደሩን ሴት ማሰሮ ለመተካት አይችልም ነበር፤ ሊወዳደር የሚችለው ከውጭ ከሚገባው ስኒ፣ ሳህን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያና ኩባያ ጋር ነው። የማሠልጠኛውም ሥራ በዚሁ ላይ ነበር። ወጣቶች ወንዶች በእግር በሚዞር መንኰራኵር ላይ ኩባያ፣ ድስት መሳይ የገበታ ዕቃ፣ ማንቆርቆሪያና ክዳን ያለው ማሰሮ ማውጣት ተማሩ። ጌጡንም ከእንግሊዝ አገር አላስመጡም፤ ከአካባቢው ወሰዱት። እያንዳንዱ ሠሪ ከማሠልጠኛው ማኅተም ጎን የስሙን መነሻ ፊደላት በዕቃው ላይ ያትም ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ስም የሌለው ዕቃ የሚሸጠው በክብደቱ ሲሆን፣ ስም ያለው የሚሸጠው በሠሪው ነው።

ወይዘሮ ላዲ ክዋሊ

የአቡጃው አሚር ሱለይማን ባራው በቤተ መንግሥታቸው ውስጥ የአገራቸውን ሸክላ ያኖሩ ነበር። ሚስተር ካርዲው ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል በጌጡና በቅርጹ ከሌላው የሚለይ ሥራ አይተው ሠሪዋን ጠየቁ። ሠሪዋም ከክዋሊ መንደር የጓሪ ተወላጅ የሆኑት ወይዘሮ ላዲ ነበሩ። ሙያውን የተማሩት በትምህርት ቤት ገበታ ሳይሆን በአክስታቸው አጠገብ ተቀምጠው ነው። በ1954 ዓ.ም. ወደ ማሠልጠኛው በገቡ ጊዜ በዚያ የመጀመሪያዋ ሴት ሸክላ ሠሪ ሆኑ።

የወይዘሮ ላዲ አሠራር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ እንስራ፣ ጀበናና ምጣድ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች እንደ ሆኑና ያለመንኰራኵር በእጃቸው እንደሚያንጹ ሁሉ፣ በጓሪ አገርም እንዲሁ ነው። ወይዘሮ ላዲ በጭቃው ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው መቀመጫውን ያወጣሉ፤ ከዚያም እንደ ገመድ የተድቦለቦለ ጭቃ በላዩ እየደረቡ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ዕቃውን ይዞሩታል። በመንኰራኵር ሲሠራ ዕቃው ይዞራል፤ በእርሳቸው አሠራር ግን የምትዞረው ሠሪዋ ናት። ጭቃው ሳይደርቅም እንሽላሊት፣ እባብ፣ አዞ፣ ጊንጥና ወፍ እየሰነጠቁ ይሥሉበታል።

በዚህ ላይ ሚስተር ካርዲው መምህር ሊያደርገው የሚከብደውን ነገር አደረጉ፤ ይኸውም የሚያውቁትን ትተው እጅ ማጠፍ ነው። ወይዘሮ ላዲን በእጅ ከማነጽ አላስተዋቸውም። እርሳቸውም መንኰራኵሩን በተጨማሪ ሙያነት ተማሩ እንጂ የአክስታቸውን መንገድ አልለቀቁም። የተጨመረው ነገር እቶኑና ቅቡ ነው። የተሰነጠቀው ሥዕል ነጭ አፈር ይሞላበትና፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቅብ ተቀብቶ በብርቱ እሳት ይበስላል። በዚህም በጓሪ አገር የሌለ፣ በእንግሊዝ አገርም የሌለ አዲስ ዕቃ ተገኘ። ከወይዘሮ ላዲ ቀጥሎ ሐሊማ አውዱ፣ አሲቢ ኢዶ፣ ካንዴ ኡሻፋና ሌሎችም ሴቶች ወደ ማሠልጠኛው ገቡ።

ሆኖም ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። ያ ውብ እንስራ ቅብ ከተቀባ በኋላ ውኃ ማቀዝቀዙን ትቷል። ክብደቱ ጨምሯል፤ ዋጋውም ከመንደር ሴት አቅም በላይ ሆኗል። የውኃ ዕቃ የነበረው የቤት ጌጥ ሆነ ማለት ነው። ይህን እንደ ጥፋት የሚቈጥሩ አሉ፤ እንደ ዕድገት የሚቈጥሩም አሉ። ነጋዴ ግን በሌላ ቃል ይናገረዋል፤ ዕቃው ሲለወጥ ገዢውም ተለወጠ።

ሒሳቡ ሲመረመር

ገዢው ማን ነበር? በናይጄሪያ ውስጥ የአቡጃን ሸክላ ይገዙ የነበሩት በአብዛኛው በአገሩ የሚኖሩ አውሮፓውያንና ከፍ ያለ ኑሮ ያላቸው ናይጄሪያውያን ናቸው። ሰፊው ሕዝብ በቅሉና በመንደሩ ማሰሮ ይጠቀም ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ሲፈልግ ደግሞ ከውጭ የመጣውን ነጭ ቅብ የብረት ዕቃ ይገዛ ነበር። የብረቱ ዕቃ ቢወድቅ አይሰበርም፤ በመርከብ በብዛት ስለሚመጣም ዋጋው ይቀላል። ሚስተር ካርዲው በዊንችኮምብ ያጋጠማቸው ነገር በአቡጃም አጋጠማቸው፤ ለሁሉ ሰው ያሰቡትን ዕቃ የገዛው መርጦ የሚገዛው ሰው ሆነ።

ልዩነቱ በዚህ ጊዜ ያንን ገዢ ተከትለው እስከ ቤቱ መሄዳቸው ነው። በ1958፣ በ1959 እና በ1962 ዓ.ም. የአቡጃ ሸክላ በሎንዶን በበርክሊ ጋለሪ ለሽያጭና ለዕይታ ቀረበ። ሰውም በአድናቆት ተቀበለው። በ1962 ዓ.ም. ወይዘሮ ላዲ ራሳቸው ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በሕዝብ ፊት እንስራ ሲያንጹ ታዩ። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ከሚስተር ካርዲውና ከቩሜ ዘመን ጀምሮ አብረዋቸው ከነበሩት ከጋናዊው ከኮፊ አቴ ጋር በአሜሪካ እየተዘዋወሩ አሠራራቸውን አሳዩ። ዕቃው ብቻ አልተላከም፤ ሠሪዋም አብራ ሄደች። ገዢው ዕቃው በምን ዓይነት እጅ እንደ ተሠራ በዓይኑ ካየ በኋላ፣ ከፋብሪካ ሳህን ዋጋ ጋር ማወዳደሩን ይተዋል።

ከዚህ ጋር እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ማሠልጠኛው የቆመው በሽያጭ ብቻ አይደለም። የመምህሩን ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት ነበር። የመምህሩ ደመወዝ፣ የሥልጠናው ጊዜና የእቶኑ ኪሣራ ሁሉ በእያንዳንዱ ኩባያ ላይ ቢጫን ኖሮ፣ ኩባያው ገዢ አያገኝም ነበር። ስለዚህ አቡጃን እንደ አንድ ትርፋማ ፋብሪካ አድርጎ የሚያወራ ሰው ቢኖር ይሳሳታል። አቡጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ የትምህርት ቤት ትርፍ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ በሚዘጋው ሒሳብ ላይ አይታይም።

የቀረው ሀብት

ታዲያ ትርፉ የት ታየ? ሚስተር ካርዲው በ1965 ዓ.ም. ከናይጄሪያ ሥራቸው ጡረታ ሲወጡ ማሠልጠኛው አልተዘጋም፤ ማይክል ኦብራያን ተተክተው ቀጠሉበት። በ1969 ዓ.ም. ሚስተር ካርዲው “ፓዮኒር ፖተሪ” የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። መጽሐፉ ሸክላ ሠሪ የተዘጋጀ ጭቃና ቅብ ከመደብር ከመግዛት ይልቅ፣ ከእግሩ በታች ካለው አፈርና ድንጋይ ተነሥቶ እንዴት ሥራ እንደሚያቋቁም የሚያስተምር ነው። የአላጆና የቩሜ ኪሣራ በዚህ መጽሐፍ ወደ ዕውቀት ተለውጧል።

ወይዘሮ ላዲ ክዋሊ ከእንግሊዝ መንግሥት ኒሻን ተሰጣቸው፤ በ1977 ዓ.ም. የዛሪያው አሕመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተር አደረጋቸው። ሸክላውን ከአክስታቸው የተማሩት ሴት ከዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር በአንድ ማዕርግ ተቈጠሩ። በ1984 ዓ.ም. ዐረፉ። የአቡጃው የሸክላ ቤትም በስማቸው ተሰየመ። በ1974 ዓ.ም. አንዲት ከኬንያ የተወለደች ተማሪ በሚስተር ካርዲው ምክር ወደ አቡጃ መጥታ ከወይዘሮ ላዲና ከባልንጀሮቻቸው በእጅ ማነጽን ተምራ ነበር። እርሷም ማግዳሊን ኦዱንዶ ናቸው፤ ዛሬ ሥራቸው በታላላቅ የዓለም ሙዚየሞች የሚገኝ ሸክላ ሠሪ ሆነዋል። ከጓሪ መንደር የተነሣው ሙያ በአንድ እቶን አጠገብ አልፎ ወደ ዓለም ገበያ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

በእንግሊዝ አገርም ቢሆን ውጤቱ አንድ ነው። በልጅነቱ የተቀጠረው ሲድኒ ተስቲን ጸጉሩ እስኪሸብት ድረስ በዊንችኮምብ ሠራ። ሬይ ፊንች የተረከቡትን ቤት በኋላ ገዝተው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መሩት፤ ዕድሜያቸውንም በሙያው ፈጸሙ። ሚስተር ካርዲው ራሳቸው በ1983 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ በዌንፎርድ ብሪጅ ጭቃ ከእጃቸው አልተለየም።

ለነጋዴ የሚተርፈው

የሚስተር ካርዲው ሕይወት በመዝገብ ቢጻፍ፣ በግራ በኩል የፈረሰ እቶን፣ የተዘጋ ፋብሪካና ከልክ በታች የተተመነ ዋጋ ይታያል። በቀኝ በኩል የሚጻፈው ግን በገንዘብ ሣጥን የማይገባ ነው፤ የሠለጠኑ እጆችና የታወቀ ስም። አላጆ ትእዛዝ፣ ገንዘብና ፋብሪካ ይዞ ተነሥቶ ወደቀ። አቡጃ የአገሩን አፈር በመመርመርና ቀድሞ የነበረውን ሙያ በማክበር ተነሥቶ ቆመ። የሁለቱ መሪ አንድ ሰው መሆኑ ነገሩን ያስረዳል፤ ልዩነቱ የመጣው ከሥራው አጀማመር ነው።

የእጅ ሥራ ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ላኪ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ቁም ነገር አለ። አስቀድሞ ዕቃው የሚወዳደረው ከማን ዕቃ ጋር እንደ ሆነ መለየት ይገባል። በመንገድና በእሳት የሚሰበረውን ከዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ማስገባት ይገባል። ባለ ሱቅም ቢሆን፣ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ጀበና አንሥቶ፣ ይህን የሠራችው ማን ናት? ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰው ስም ሊኖረው ይገባል። ስሟን የማያውቅለት ዕቃ የሚሸጠው ርካሽ በመሆኑ ብቻ ነው፤ ከእርሱ የሚረክስ ዕቃ ከባሕር ማዶ በመጣ ቀን ደግሞ ገበያው ይዘጋል። የወይዘሮ ላዲን ሥዕል ከ20 ናይራው ኖት ላይ ያወጣው ግን ርካሽነት አይደለም፤ ሠሪዋ በስሟ መታወቋ ነው።